«አምስቱ ቁልፎች» በጋቢና ውስጥ፦ ማቀዝቀዣ ለሌለው ተጓዥ ስለ ምግብ ዘይት የሚሰጠው ምክር ሲመዘን

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «አምስቱ የምግብ ደኅንነት ቁልፎች» የተሰኘው ፖስተር ለጤና ትምህርት ከተዘጋጁ ጽሑፎች መካከል ጥቂት አቻ ያለው ሥራ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ምክሮችን ይዟል፦ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ ምግብን በሚገባ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው የሙቀት መጠን ማቆየት፣ ንጹሕ ውሃና ጤናማ ጥሬ ዕቃ መጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሠልጣኞች መመሪያ ታክሎለታል፤ በበርካታ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። አጭር ነው፤ መጠንን በቁጥር ይናገራል፤ ለእያንዳንዱ ምክር «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አያልፍም። የጤና መልእክት ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ በሚቀርብበት ዓለም ምክንያትን ከምክር ጋር ማቅረቡ ብቻውን ሊያስመሰግነው ይገባል።

ጥሩ ሥራ መሆኑ ግን ከሂስ አያድነውም። የአንድ የጤና መልእክት ብርታት በይበልጥ የሚፈተነው አዘጋጆቹ በዐይነ ሕሊናቸው ካላዩት ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፖስተሩ የሚመዘነው ከአንድ ጠባብ ግን ሁነኛ ጥያቄ አንጻር ይሆናል፦ ኑሮው በመኪና ውስጥ የሆነ ሰው የምግብ ዘይቱን ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ያስቀምጥ?

ጋቢናው እንደ ቤት

ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ያለው ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በጋላፊ፣ በሎግያ፣ በሚሌ፣ በገዋኔና በአዋሽ አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። በዚህ መስመር ለሚመላለሰው የከባድ መኪና አሽከርካሪና ለረዳቱ ጋቢናው የሥራ ቦታ ብቻ አይደለም። ከመቀመጫው በስተኋላ ይተኛሉ፤ ጭነት ለመጫን ወይም ለማራገፍ ተራ ሲጠብቁ ቀናት ያልፋሉ፤ የሆቴል ወጪ ሲበዛባቸው ከመኪናው ጥላ ሥር ከሰል አቀጣጥለው ወይም ቡታጋዝ ለኩሰው ሽንኩርት ያቁላላሉ፣ ሽሮ ይሠራሉ፣ ፓስታ ይቀቅላሉ። ስንቃቸው ከሽሮው፣ ከበርበሬውና ከጨው ጋር አንድ ዕቃ ዘይት አያጣም።

የጤናው ዘርፍ እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም ማለት አይቻልም። ለረጅም ዓመታት ስለ ኤች አይ ቪ መከላከል ሲነገራቸው ቆይቷል። ስለሚበሉት ነገር ግን የተነገራቸው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆቹ ውስጥ የምግብ ንጽሕናን አካቷል፤ ሆኖም የትምህርቱ መነሻ ቤተሰብ፣ መድረሻው ደግሞ የቤተሰቡ ጓዳ ነው። የወሩን አብዛኛውን ሌሊት በመንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሰው በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ጓዳ ይገኛል?

እንዲህ ያለው ሰው የፖስተሩን አራተኛ ቁልፍ ሲያነብ የሚያገኘው የሚከተለውን ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የበሰለና በቀላሉ የሚበላሽ ምግብ ሁሉ ቶሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ትኩስ የሚቀርበው ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን። ምክሩ ለወጥ፣ ለሥጋና ለወተት ትክክል ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ግን ከዚህ ከሁለት አንዱን ይማራል። አንደኛው «ይህ ለእኔ የተጻፈ አይደለም» ብሎ ሁሉንም መተው ነው። ሁለተኛው ከማቀዝቀዣ ውጭ ያለ ምግብ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ዳኝነቱን ለአፍንጫው መስጠት ነው፤ ከሸተተ ይደፋል፣ ካልሸተተ ይበላል። ዘይትን በተመለከተ ይህ ዳኝነት እጅግ አሳሳች ነው። በዘይት ላይ ሊደርሱ ከሚችሉት ጉዳቶች ውስጥ አፍንጫ በግልጽ የሚያውቀው ከሁሉም ቀላሉን ነውና።

ዘይት በምን ይበላሻል?

ተዋሕስያን ለመራባት ውሃ ይሻሉ። በሚገባ የተጣራ የምግብ ዘይት ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሁለት ሰዓቱ ሕግ ለዘይት አይሠራም፤ ንጹሕ ዘይትም ማቀዝቀዣ የግድ አያስፈልገውም። ፖስተሩ ይህን ልዩነት አያሳይም። የምክሮቹ ሁሉ ዋና ተከሳሾች ተዋሕስያን ናቸው። በአምስተኛው ቁልፍ ሥር ኬሚካሎች መጠቀሳቸው አይካድም፤ ነገር ግን የተጠቀሱት ጥሬ ዕቃ ሲመረጥ እንጂ ምግብ ሲቀመጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማስረዳት አይደለም።

የዘይት ጠላት በመጀመሪያ ደረጃ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ከዘይቱ ቅባት አሲዶች ጋር ሲዋሃድ ፔሮክሳይዶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ ሲፈራርሱ አልዲሃይድና ሌሎች ውሁዶች ይወጣሉ፤ ዘይቱም ይከረፋል። ፔሮክሳይዶቹ ራሳቸው ሽታ የላቸውም፤ የሚሸተው የእነርሱ ፍርስራሽ ነው። ሽታው በተሰማ ጊዜ ሂደቱ ብዙ ርቆ ሄዷል ማለት ነው። የኮዴክስ ዓለም አቀፍ ደረጃ ለተጣራ የአትክልት ዘይት የሚፈቅደው የፔሮክሳይድ መጠን በኪሎ ግራም እስከ 10 ሚሊ ኢኩዊቫለንት ሲሆን፣ ያለ ሙቀት ለተጨመቀ ዘይት ደግሞ እስከ 15 ነው። ይህን ለመለካት ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።

ሂደቱን ከሚያፋጥኑት ነገሮች ሦስቱ በጋቢና ውስጥ በሽ ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የኦክሳይድ መሆን ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። በአፋር ቆላ በሞቃታማዎቹ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ መስታወቱ ተዘግቶ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ደግሞ ከውጭው በ20 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው ብርሃን ነው። ብርሃን በዘይቱ ውስጥ ካለው ክሎሮፊል ጋር ሲገናኝ የሚያስነሣው የኦክስጅን ዓይነት ከሊኖሌይክ አሲድ ጋር የሚዋሃድበት ፍጥነት ከተራው ኦክስጅን ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለቱንም ጠላቶች በአንድ ጊዜ ይጋብዛል። ሦስተኛው ጠላት ጊዜ ሲሆን፣ ከጊዜ ጋር በዕቃው ባዶ ክፍል ውስጥ የሚታቆር አየር አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየጎደለ ሲሄድ የአየሩ ድርሻ ይጨምራል፤ በተከፈተ ቁጥርም አዲስ አየር ይገባል።

የዘይቱም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በአገራችን ተወዳጅ የሆነው የኑግ ዘይት ከቅባት አሲዶቹ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ በመሆኑ ለጤና ተመራጭ፣ ለመክረፋት ግን ፈጣን ነው። ሱፍም ለዚህ ይቀርባል። ሰሊጥ በተፈጥሮ ባሉት ፀረ ኦክሳይድ ንጥረ ነገሮች የተሻለ ይቆያል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ቅባቱ የረጋ ዓይነት ስለሆነ ሙቀትን ይችላል፤ ለልብና ለደም ሥር ጤና ግን ከሌሎቹ አይመረጥም። ፓልም በደብረ ብርሃን ብርድ ይረጋል፣ ሎግያ ሲደርስ ይቀልጣል። የረጋውን «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል፣ የቀለጠውንና የጠራውን «ደኅና ነው» ብሎ ማመን ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ መርጋትና መቅለጥ ስለ ደኅንነቱ የሚነግሩት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። የከረፋ ዘይት አንድ ጊዜ መብላት ሰውን አይገድልም። ዋናው ኪሳራ የጣዕም፣ የቫይታሚን ኢ እና የቫይታሚን ኤ መጥፋት ነው። በኢትዮጵያ የምግብ ዘይትን በቫይታሚን ማበልጸግ እ.ኤ.አ. በ2022 አስገዳጅ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ይህ ኪሳራ ቀላል አይባልም፤ በመንግሥትና በፋብሪካ ድካም የተጨመረው ቫይታሚን ዳሽቦርድ ላይ በብርሃን ሊጠፋ ይችላልና። ቢሆንም ከባዶቹ አደጋዎች ሌላ ቦታ ናቸው።

አፍንጫ የማያውቃቸው ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው የዕቃው ጉዳይ ነው። ፖስተሩ ስለ ማስቀመጫ ዕቃ የሚናገረው በሁለተኛው ቁልፍ ሥር፣ ጥሬው ከበሰለው ጋር እንዳይነካካ ለማለት ብቻ ነው። በመኪና ውስጥ ግን የምግብ ዘይት ጎረቤቶች ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የባትሪ አሲድ ናቸው። ጀሪካን ውድ ነው፤ ባዶው ሁሉ አገልግሎት አለው። ቀድሞ የሞተር ዘይት የነበረበት ዕቃ በሳሙና ታጥቦ ለምግብ ዘይት ሊውል፣ የምግብ ዘይት የነበረበት ደግሞ ፍሬን ዘይት ሊያዝበት ይችላል። ፕላስቲክ የነዳጅ ውጤቶችን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ እጥበት አያጠራውም። ሁለቱም ፈሳሾች ቢጫማና ወፍራም ስለሆኑ በሌሊት መለየቱም ያዳግታል።

ይህ ሩቅ ስጋት እንዳይመስል እ.ኤ.አ. በ1959 በሞሮኮ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። በመክነስና በአካባቢዋ ለአውሮፕላን ሞተር የተሠራ ትርፍ ማለስለሻ ዘይት ከምግብ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሽጦ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በሽባነት ተጎድተዋል። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው ትራይ ኦርቶ ክሬዚል ፎስፌት የተባለው ቅመም ነበር፤ ቅመሙ ለራሱ ሽታም ጣዕምም የለውም ማለት ይቻላል። ዛሬ በገበያ ያለ የመኪና ሞተር ዘይት ሁሉ ይኸው ቅመም አለበት ማለት አይደለም። ታሪኩ የሚያስተምረው ለማሽን የተሠራ ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ነገር ለሆድ ታስቦ አለመሆኑንና በእግር ላይ የሚወድቀው ጉዳት ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ እንደሚችል ነው።

ሁለተኛው አደጋ ውሃ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጦ ዘይት አፍስሶበት ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ለመንገደኛም ሥራ ያቀልለታል። ነጭ ሽንኩርት ግን ከአፈር የሚመጣ፣ ውሃ ያዘለና ጎምዛዛነት የሌለው ነው። ዘይቱ ሲለብሰው አየር ያጣል። ውሃ፣ አየር አልባነት፣ አነስተኛ አሲድና ሙቀት በአንድነት ሲገኙ ለክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተመቸ መኖሪያ ይሆናል፤ መርዙም ሽታ ሳይለውጥ ሊጠራቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ፣ በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን በቦቱሊዝም አሳምሟል። ለብዙዎቹ መጀመሪያ የተሰጠው ምርመራ ሌላ በሽታ ነበር፤ ወረርሽኙ የታወቀውም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ተመሳሳይ ሕመም ከደረሰ በኋላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ ምርቶች አሲድ ወይም ሌላ ተከላካይ እንዲጨመርባቸው አስገድዷል።

የሚያስገርመው የኢትዮጵያ እናቶች የዚህን ልዩነት ፍሬ ነገር ከጥንት ጀምሮ በተግባር ማወቃቸው ነው። ለጋ ቅቤ ውሃና አሬራ ስላለበት ቶሎ ይለወጣል፤ ሲነጠር ውሃው ተንኖ፣ ዝቃጩ ተጣርቶ፣ ቅመሙም ተጠልሎ ስለሚወጣ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቀመጣል። የማንጠር ጥበብ የተመሠረተው ውሃን ከቅባት በመለየት ላይ ነው። ይህን ዕውቀት የያዘ ሕዝብ «ዘይት ብቻውን ይቆያል፣ ውሃ ያለው ነገር ከገባበት አይቆይም» የሚል መልእክት ለመቀበል አይቸገርም። መልእክቱን እስካሁን ያላቀረበለት ባለሙያው ነው።

ሂሱ ለማን ነው?

አንድ ገጽ ፖስተር የዓለምን ጓዳ ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መልሱም ተገቢ ነው። የአሠልጣኞቹ መመሪያ ራሱ መልእክቶቹ ከየአካባቢው ሁኔታ ጋር እንዲስማሙ ይጋብዛል። ስለዚህ የሂሱ ከባዱ ክፍል የሚያርፈው በዋናው ሥራ አዘጋጆች ላይ አይደለም፤ ቃሉን ተርጉሞ ሁኔታውን ሳይተረጉም በሚለጥፈው ባለሙያ ላይ ነው። በዘይት ዕቃዎች ላይ የሚነበበው «በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ጽሑፍም ከዚሁ ወገን ነው። ሎግያ ላይ ቀዝቃዛው ቦታ የቱ ነው? ምክሩ ቁጥርም አማራጭም የለውም፤ ሊፈጸም የማይችል ምክር ደግሞ ሊፈጸም የሚችለውንም አብሮ ያስንቃል።

በመኪና ውስጥ ለሚኖር ሰው አራተኛው ቁልፍ እንደገና ቢጻፍ በመጀመሪያ የሚቆየውን ከማይቆየው መለየት ይኖርበታል። የበሰለ ወጥ፣ ሥጋና ወተት አይቆዩም፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በልክ ሠርቶ ወዲያው መብላት ነው። ንጹሕ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬና የተነጠረ ቅቤ ይቆያሉ፤ የሚፈልጉት ጥላ፣ ድርቀትና ክዳን ነው። ቀጥሎ ለዘይቱ ጥቂት ግልጽ ነገሮች ይበቃሉ።

ዘይት በትንሽ በትንሹ፣ ቢቻል በአንድ ሊትር፣ በፋብሪካ ዕቃው ይገዛ፤ ለሰው በመኪና ከማቀዝቀዣ ይልቅ አነስተኛ ግዢ ይጠቅመዋል። ትልቅ ጀሪካን የግድ ከሆነ ለምግብ ብቻ በዋሉ ንጹሕና ደረቅ ትንንሽ ዕቃዎች እስከ አፋቸው ተሞልቶ ይከፈል። ዕቃው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሞተሩ ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው የጋቢና ወለል ወይም በውጭ በጥላ በኩል ባለ የስንቅ ሳጥን ይቀመጥ። በአዋሽና በሚሌ መካከል አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዕቃውን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ያቀዘቅዘዋል፤ የጅቡቲ ጠረፍ አየር ግን እርጥበት ስላለው ዘዴው እዚያ እምብዛም አይሠራም፤ በሁለቱም ቦታ ክዳኑ መድረቅ አለበት። አዲስ ዘይት በአሮጌ ላይ አይጨመር፤ የአሮጌው ፔሮክሳይድ አዲሱን ያፋጥነዋል። በመዳብ ወይም በዛገ ብረት ዕቃ አይቀመጥ፤ እነዚህ ብረቶች መክረፋትን ያባብሳሉ። አንድ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይት የምግብ ፍርፋሪና ውሃ ስላለበት ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሚቁላላበት ጊዜ ይከተፍ እንጂ በዘይት ውስጥ አይደር። ከሁሉም በላይ ምንም ዓይነት የማሽን ፈሳሽ የነካው ዕቃ ለምግብ አይዋል፤ ምግብና የመኪና ፈሳሽም በአንድ ሳጥን አይዋሉ።

ይህ ለጤና ባለሙያውም የምርመራ ጥያቄ ይሆናል። በመንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ አንድ አሽከርካሪ «ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል» ብሎ ሲመጣ፣ የዐይኑ ሽፋን ከወደቀ፣ መዋጥና መናገር ካቃተው፣ ትኩሳት ሳይኖረውና አእምሮው ሳይደክም ድካሙ ከላይ ወደ ታች ከወረደ ቦቱሊዝም መታሰብ አለበት። መተንፈሱን በቅርብ መከታተልና ፀረ መርዙ ወደሚገኝበት፣ የመተንፈሻ እርዳታ ወዳለበት ሆስፒታል ሳይዘገዩ መላክ ሕይወትን ያተርፋል። ሌላው ደግሞ የባቱ ሕመም ቀድሞ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ የእግሩ መዳፍ መንጠልጠል ከጀመረ የኦርጋኖፎስፌት ዘገምተኛ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ «ምን በሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «ዘይቱን በምን ዕቃ ያስቀምጣሉ? ምንስ ይጨምሩበታል? አብሮዎት የበላ ማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ረዳቱ ከአንድ ድስት ስለበላ ሁለተኛው ታማሚ ገና መንገድ ላይ መሪ ይዞ ሊሆን ይችላል።

«አምስቱ ቁልፎች» ከግድግዳ ይውረዱ የሚል ሰው አይኖርም፤ ተገቢም አይሆንም። ጥሬና የበሰለን መለየት፣ እጅን መታጠብ፣ ሥጋን እስከ ልቡ ማብሰል በጋቢናም በቪላም አንድ ናቸው። የሚጎድለው በሎግያና በሚሌ፣ መኪኖች ተሰልፈው በሚያድሩበት ሥፍራ ለሚለጠፈው ቅጂ የሚሆን አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፤ እርሱም ማቀዝቀዣን ሳያነሣ ስለ ውሃ፣ ስለ ዕቃና ስለ ጥላ የሚናገር ነው። ይህን መስመር ለመጻፍ ከጄኔቫ ፈቃድ አያሻም፤ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ጤና ጣቢያዎችና የአሽከርካሪዎች ማኅበራት ተቀምጠው ሊጽፉት ይችላሉ።